መንፈሳዊ ምሪት በድኅረ ምረቃ ትምህርት፤ ከሥርዓተ ትምህርት አንጻር የቀረበ ሂስ

የጥያቄው መነሻ

ትምህርት ዕውቀትን ከማስጨበጥ አልፎ ሰውን መቅረጽ እንደሚገባው በየመርሐ ትምህርቱ መቅድም ተጽፎ ይገኛል። ይህን ዓላማ የሚቃወም መምህር የለም። ይሁን እንጂ ዓላማው ከመቅድሙ ወጥቶ ወደ ክፍል ሲገባ፣ ይኸውም ክሬዲት ሲመደብለት፣ አስተማሪ ሲቆምለትና ውጤት ሲሰጥበት፣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የተማሪን ውስጣዊ ሕይወት ማስተማር ይቻላልን? ቢቻልስ የሚመዝነው ማን ነው? የሚመዝነውስ በምን መስፈርት ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች አጉልቶ የሚያሳይ አንድ የትምህርት ዘርፍ አለ። ይህም በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚሰጠው የክርስቲያናዊ መንፈሳዊ ሕንጸትና የመንፈሳዊ ምሪት ትምህርት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ትምህርት እንደ ማንኛውም ሥርዓተ ትምህርት በዓላማው፣ በይዘቱ፣ በአሰጣጡና በምዘናው መርምሮ ጥንካሬውንና ጉድለቱን ማመልከት ነው። እምነትን መስበክም ሆነ መንቀፍ የጽሑፉ ተግባር አይደለም። በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሆኖም ከሃይማኖት ትምህርት ቤት የማስተማር ዘዴን መመርመር ሃይማኖትን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሁለቱን ቃላት መለየት ያስፈልጋል። መንፈሳዊ ሕንጸት ሲባል የአንድ ሰው አሳብ፣ ጠባይና ልማድ በጸሎት፣ በንባብ፣ በሱባኤና በአገልግሎት ቀስ በቀስ የሚታነጽበት ሂደት ነው። መንፈሳዊ ምሪት ደግሞ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ነው። ተመሪው በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በወር አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ወደ መሪው እየሄደ በጸሎቱና በኑሮው የሚያስተውለውን ይናገራል፤ መሪው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ አልፎ አልፎም ይመክራል። ግንኙነቱ ኑዛዜ አይደለም፤ ምክንያቱም በውስጡ ፍትሐት የለም። የሥነ ልቡና ሕክምናም አይደለም፤ ምክንያቱም መነሻው ሕመም አይደለም።

ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባበት መንገድ

ልማዱ ጥንታዊ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሓ ይኖሩ የነበሩ መነኮሳት ወደ አረጋውያን አባቶች እየሄዱ የልባቸውን አሳብ ይገልጡ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ይህን ልማድ በሥርዓት አደራጅቶ መንፈሳዊ ልምምድ የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጀ፤ መጽሐፉም በ1548 በሮማው ጳጳስ በጳውሎስ 3ኛ ጸደቀ። ይህ መጽሐፍ ተራ ንባብ ሳይሆን ለአስተማሪ የተዘጋጀ መምሪያ መሆኑ ለእኛ ሙያ ትኩረት የሚስብ ነው። 30 ቀን ያህል የሚፈጀውን ሱባኤ በ4 ሳምንታት ከፋፍሎ፣ ተማሪው በየደረጃው ምን እንደሚያደርግ፣ መሪውም ምን ማድረግ እንዳለበትና ከምን መታቀብ እንዳለበት ይዘረዝራል።

ይህ ልማድ በዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኖ የቆመው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በሮም የሚገኘው የጎርጎርዮስ ጳጳሳዊ ዩኒቨርሲቲ የመንፈሳዊነት ተቋሙን በ1958 አቋቋመ። ከ1962 እስከ 1965 የተካሄደው 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ ካለፈ በኋላ ምእመናንም ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ያላቸው ፍላጎት እየጨመረ ሄደ። በ1971 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ፣ ዊልያም ባሪና ዊልያም ኮኖሊ የተባሉት ኢየሱሳውያን ካህናት ከባልደረቦቻቸው ጋር መንፈሳዊ መሪዎችን የሚያሠለጥን ማዕከል መሠረቱ። በ1973 ደግሞ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን የሆነው ቲልደን ኤድዋርድስ በዋሽንግተን ሻሌም የተባለውን ተቋም አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ፕሮቴስታንቶችም በሰፊው ገቡበት፤ በ1978 የታተመው የሪቻርድ ፎስተር መጽሐፍ ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾምና ስለ ጽሞና የሚነገረውን ለብዙ አንባቢ አዳረሰ። ባሪና ኮኖሊ በ1982 ያሳተሙት የመንፈሳዊ ምሪት መጽሐፍም በብዙ ትምህርት ቤቶች መማሪያ ሆነ።

ከማስተማር ዘዴ አኳያ ሌላም ምንጭ አለ። በ1925 አንተን ቦይሰን በማሳቹሴትስ በዉስተር ከተማ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ጥቂት የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ሰብስቦ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሕሙማኑ ጭምር እንዲማሩ አደረገ። ከዚህ ጅምር የተወለደው ክሊኒካዊ የእረኝነት ትምህርት፣ ሠልጣኙ ከአንድ ሰው ጋር ያደረገውን ንግግር ቃል በቃል ጽፎ በአሠልጣኝና በጓደኞች ፊት የሚመረምርበትን ዘዴ አስፋፋ። የመንፈሳዊ ምሪት ትምህርትም ይህንኑ ዘዴ ወረሰ።

የአደረጃጀቱ ጥንካሬ

የእነዚህ ፕሮግራሞች ዝርዝር እንደየትምህርት ቤቱ ቢለያይም በአብዛኛው በሦስት ዐምዶች ላይ የቆሙ ናቸው። አንደኛው ዕውቀት ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ የመንፈሳዊነት ታሪክ፣ ነገረ መለኮትና ሥነ ልቡና በዚህ ይካተታሉ። ሁለተኛው የተማሪው የራሱ ልምምድ ነው፤ ሱባኤ መግባትና ለራሱ መንፈሳዊ መሪ መያዝ ይጠበቅበታል። ሦስተኛው በክትትል የሚካሄድ የሥራ ልምምድ ነው፤ ተማሪው ሰዎችን ተቀብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያም ሥራውን ለተቆጣጣሪው ያቀርባል።

የሦስተኛው ዐምድ አሠራር ለመምህራን አሠልጣኞች ልዩ ትርጉም አለው። ሠልጣኙ የተመሪውን ስምና ማንነት ደብቆ ከንግግሩ ጥቂት ክፍል ጽፎ ያቀርባል። ተቆጣጣሪው የሚመረምረው ግን የተመሪውን ችግር አይደለም፤ የሚመረምረው የሠልጣኙን አዳማጭነት ነው። ሠልጣኙ የትኛው ቃል ላይ ደነገጠ? ተመሪው ሊያለቅስ ሲል ለምን ወሬ ለወጠ? ዝም ማለት ሲገባው ለምን ለመምከር ቸኮለ? ሥልጠናው የሚያተኩረው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

በእኛ የማስተማር ልምምድ ተቆጣጣሪው ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ የሰሌዳ አጠቃቀምን፣ የድምፅን ከፍታና የሰዓት አከፋፈልን ይመዘግባል። እነዚህ አስፈላጊዎች ናቸው። ነገር ግን እጩ መምህሩ ለምን ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን ብቻ እንደጠየቀ፣ ወይም አንድ ልጅ ሲሳሳት ለምን እንደተቆጣ ከእጩው ጋር ተቀምጦ መመርመር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ይሰጣል። የመንፈሳዊ ምሪት ትምህርት ቤቶች ይህን ዓይነቱን ምርመራ የሥልጠናው እምብርት በማድረጋቸው ሊመሰገኑ ይገባል።

የመጀመሪያው ሂስ፤ የማይለካውን ስለ መለካት

ጉድለቱ የሚጀምረው ምዘና ላይ ሲደረስ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን የሚያጸድቀው ማኅበር፣ ለአገልጋይነት በሚያዘጋጀው ዋና የማስተርስ ዲግሪ የተማሪው ግላዊና መንፈሳዊ ሕንጸት ከትምህርቱ ግቦች አንዱ እንዲሆን ይጠይቃል። ትምህርት ቤትም ግቡ መድረሱን በማስረጃ ማሳየት አለበት። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ተማሪው የኢግናጥዮስን ሥርዓት ደረጃዎች መዘርዘሩ በፈተና ይለካል፤ ተመሪን በትዕግሥት ማዳመጡም በተወሰነ ደረጃ ይታያል። በጸሎት ሕይወቱ ማደጉ ግን በምን ይለካል?

የትምህርት ግቦችን የሚመድቡ ሊቃውንት ይህን ችግር ቀደም ብለው አይተውታል። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ የአእምሮ ዕውቀትን ዘርፍ በ1956 ካቀረቡ በኋላ፣ ዴቪድ ክራትዎል፣ ብሉምና በርትራም ማዝያ በ1964 የስሜትና የዝንባሌን ዘርፍ አሳተሙ። ዘርፉ ከመቀበል ተነሥቶ ምላሽ ወደ መስጠት፣ ዋጋ ወደ መስጠት፣ እሴቶችን ወደ ማደራጀት፣ በመጨረሻም እሴቱ የሰውዬው ጠባይ ወደ መሆን ያድጋል። ጸሐፊዎቹ ያመለከቱት አንድ ነገር አለ፤ በትምህርት መጀመሪያ ላይ በዝንባሌ ቋንቋ የተጻፉ ግቦች ጊዜ በሄደ ቁጥር እየተሸረሸሩ ወደ ዕውቀት ግቦች ይለወጣሉ። መምህራንም የሰውን እምነትና ዝንባሌ በማርክ ለመመዘን ያመነታሉ፤ ጉዳዩ የግል ነው ብለው ያስባሉና።

ማመንታቱ ቀርቶ ማርክ ሲሰጥ ምን ይከተላል? ተማሪው ስለ ራሱ ውስጣዊ ሕይወት የግል ማስታወሻ ይጽፋል፤ ማስታወሻውም ለውጤት ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ተማሪው የሚማረው ራሱን መመርመርን ሳይሆን ስለ ራስ ምርመራ አሳምሮ መጻፍን ነው። ምን ያህል ድክመት ቢናዘዝ ቅንነት ተብሎ እንደሚቆጠርለት፣ ምን ያህሉ ደግሞ ጥርጣሬ እንደሚያመጣበት ፈጥኖ ያውቃል። ስለ ትሕትና በተጻፈ ድርሰት ከፍተኛ ማርክ ያገኘ ተማሪ ትሑት ስለ መሆኑ ማርኩ ምንም አይናገርም። እንዲያውም ምዘናው ሊያሳድገው የተነሣበትን ጠባይ ራሱ ሊያበላሸው ይችላል።

ሁለተኛው ሂስ፤ ስለ ሁለቱ ሸንጎዎች

ከዚህ የሚከብደው ሂስ ግን ሥልጣንን የሚመለከት ነው። የተማሪውን ምሥጢር የሚሰማውና ስለ ተማሪው ዕድል የሚወስነው ሰው አንድ ሊሆን ይችላልን?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ አለው። ሕጉ የኅሊናን ሸንጎና የአደባባይን ሸንጎ ይለያል። በ1983 በታወጀው ሕገ ቀኖና ቁጥር 239 መሠረት በእያንዳንዱ የካህናት ማሠልጠኛ ቢያንስ አንድ መንፈሳዊ መሪ መኖር አለበት፤ ሆኖም ተማሪዎች ጳጳሱ ለዚሁ ተግባር ወደ መደባቸው ሌሎች ካህናት የመሄድ ነጻነት አላቸው። ቁጥር 240 ደግሞ ተማሪው ለክህነት እንዲቀርብ ወይም ከማሠልጠኛው እንዲሰናበት ሲወሰን የመንፈሳዊ መሪውም ሆነ የአናዛዡ አስተያየት ከቶ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። በቁጥር 985 መሠረትም የማሠልጠኛው አለቃ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው በፈቃዳቸው ካልጠየቁት በቀር፣ ኑዛዜያቸውን አይቀበልም።

የድንጋጌው ምክንያት ከሃይማኖት ውጭ ላለ ሰውም ግልጽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታውን መናገር ከሥራ ወይም ከትምህርት የሚያስወጣው ከሆነ ግን የማይደብቅ ማን ነው? ስለዚህ ሕጉ ተማሪው ሳይፈራ የሚናገርበትን አንድ ቦታ ከልሎ አስቀመጠ። ለክህነት የሚበቃውን ከማይበቃው የመለየቱ ሥራ አልቀረም፤ በአደባባይ በሚታይ ጠባይ፣ በትምህርትና በአገልግሎት ላይ ተመሥርቶ በሌሎች ሰዎች ይፈጸማል።

ይህ ድንጋጌ የሚገዛው የካህናት ማሠልጠኛዎችን እንጂ ለሁሉም ክፍት የሆኑትን የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች አይደለም። በእነዚህ ፕሮግራሞች ድንበሩ የሚደበዝዝበት ሁኔታ አለ። በአንዲት ትንሽ ክፍል አንዱ መምህር ኮርስ ያስተምራል፣ ልምምድ ይቆጣጠራል፣ ጥናታዊ ጽሑፍ ያማክራል፣ ውጤትም ይሰጣል። ተማሪው በክትትል ሰዓት፣ ተመሪዬ ስለ አባቷ ሞት ስትናገር መስማት አቃተኝ፣ የራሴ ኀዘን ተቀሰቀሰብኝ ብሎ መናገር የሥልጠናው ዋና ፍሬ ነው። ይህንኑ የሚናገረው ግን በሰሚስተሩ ማብቂያ ስለ ብቃቱ ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ነው።

ትምህርት ቤቶቹ ችግሩን አላዩትም ማለት አይደለም። የተማሪው የግል መንፈሳዊ መሪ ከትምህርት ቤቱ ውጭ እንዲሆን፣ ትምህርት ቤቱም የሚጠይቀው መገናኘታቸውን ብቻ እንጂ የተነጋገሩትን እንዳይሆን ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ለግል መሪው የተጠበቀው ነጻነት በማስታወሻውና በክትትሉ ላይ ካልደረሰ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኢግናጥዮስ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ሱባኤውን የሚሰጠው ሰው ተማሪውን ወደ አንዱ የኑሮ ዓይነት ከማዘንበል ተቆጥቦ እንደ ሚዛን መርፌ በመካከል እንዲቆም ያዛል። ማርክ የያዘ እጅ ግን ቢፈልግም በመካከል ሊቆም አይችልም፤ ተማሪው እጁን እያየ ይናገራልና።

ሦስተኛው ሂስ፤ ዲግሪና ተሰሚነት

ሦስተኛው ሂስ የዲግሪውን ትርጉም ይመለከታል። በበረሓው ልማድ አንድ አባት መሪ ነኝ ብሎ ራሱን አይሾምም ነበር፤ መሪ ያደረገው የሰዎች ወደ እርሱ መምጣት ነው። ዲግሪ ግን ሰው ሳይመጣ አስቀድሞ ይሰጣል። ስለዚህ ዲግሪው የሚያረጋግጠውን ነገር በጥንቃቄ መግለጽ ያስፈልጋል። ተመራቂው ታሪኩንና መጻሕፍቱን ያውቃል፤ በክትትል ሥር ይህን ያህል ሰዓት ሰው አዳምጧል፤ የምሥጢር ጥበቃን ደንብ ያውቃል። ይህን መመስከር ይቻላል። ጥበብና ቅድስና አለው ብሎ መመስከር ግን ከማንኛውም ሴኔት ሥልጣን በላይ ነው።

በሌላ በኩል ዲግሪው ከንቱ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ያልሠለጠነ አዳማጭ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። የአእምሮ ሕመም ምልክትን ከመንፈሳዊ ጭንቀት መለየት፣ ከዐቅም በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም መላክ፣ በተመሪ ላይ ያለን ተሰሚነት ለግል ጥቅም አለማዋል በትምህርት የሚገኙ ናቸው። የትምህርቱ ዋጋ የሚታየውም በእነዚህ ነው።

የአገራችን ጉባኤ ቤት ምን ያሳያል

ከፍተኛ የመንፈሳዊ ሕይወት ጥናት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት፣ ተማሪው ንባብ ቤትን፣ ዜማ ቤትንና ቅኔ ቤትን አልፎ የሚደርስበት የመጽሐፍ ቤት አራት ጉባኤያት አሉት፤ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ይባላሉ። በመነኮሳት ጉባኤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት ሦስት መጻሕፍት ከነአንድምታቸው ይተረጐማሉ። መጻሕፍቱ ከሱርስት ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግዕዝ የተመለሱ ናቸው። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሹመቱን ትቶ ወደ ምናኔ የተመለሰ ሰው ነው።

የአሰጣጡ ሥርዓት ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ቀጥተኛ ምስክር ነው። በዚህ ጉባኤ የሰው ሕይወት ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ከንጽሐ ነፍስም ወደ ንጽሐ ልቡና የሚወጣባቸው ዐሥሩ ማዕረጋት ይተረጐማሉ። መምህሩ ንባቡን ይሰማል፣ ትርጓሜውን ያሰማል፣ ደቀ መዝሙሩ ያጠናውን ይመልሳል፤ ሲበቃም አስመስክሮ ይወጣል። መምህሩ የሚመሰክርለት ግን ትርጓሜውን ስለ ማወቁ ነው። አንተ ከዐሥሩ ከየትኛው ማዕረግ ደርሰሃል ተብሎ የሚጠየቅ ደቀ መዝሙር የለም፤ ደርሻለሁ የሚል ቢኖር እንኳ ንግግሩ ራሱ አለመድረሱን ያስመሰክርበታል። ውስጣዊው ነገር ለነፍስ አባት የሚነገር ነው፤ የነፍስ አባትም የሰማውን ወደ ጉባኤ አያወጣም።

እንግዲህ የእኛ ልማድ ሁለቱን ሸንጎዎች በደንብ ለይቶ ጠብቋል። ጉድለቱ በሌላ ወገን ነው። በባህላዊው ጉባኤ ቤት የአዳማጭነት ሙያ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆኖ አይሰጥም። ካህኑ የነፍስ አባትነትን የሚማረው ከአባቶች በማየትና በመሥራት ነው፤ ያዳመጠበትን መንገድ ከእርሱ ጋር ተቀምጦ በሥርዓት የሚመረምርለት ተቆጣጣሪ የለውም። የምዕራቡ የድኅረ ምረቃ ትምህርት አዳማጩን ያሠለጥናል፤ ዳሩ ግን ምሥጢሩን ከማርኩ ጋር የማቀላቀል አደጋ አለበት። የእኛው ምሥጢሩን ከማርኩ ይለያል፤ ነገር ግን አዳማጩን አያሠለጥንም። አንዱ ከሌላው የሚማረው አለ።

ለመምህራን ማሠልጠኛዎች የሚሆን ቁም ነገር

ይህ ሁሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርን ምን ይመለከተዋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ አጭር ነው። እኛም ሰውን እንቀርጻለን እንላለን። ከ2003 ጀምሮ በተካሄደው የመምህራን ትምህርት ለውጥ የልምምድ ጊዜ ሰፍቷል፤ እጩ መምህራን ስለ ራሳቸው ሥራ እያሰላሰሉ እንዲጽፉና የጻፉትን በማኅደር እንዲያቀርቡ ተደርጓል። ከ2018ቱ የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ ወዲህ ደግሞ ግብረ ገብ ራሱን ችሎ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ተመልሷል። ስለዚህ የማይለካውን የመለካት ፈተናና የሁለቱ ሸንጎዎች ጥያቄ በኮሌጆቻችንና በክፍሎቻችን ውስጥ አሉ።

አንድ እጩ መምህር በልምምድ ማስታወሻው፣ 70 ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ገብቼ ፈራሁ፣ ፍርሃቴንም ለመሸፈን በአንዲት ልጅ ላይ ጮኽኩባት ብሎ ቢጽፍ፣ ይህ የሥልጠናው ከሁሉ የከበረ ገጽ ነው። መካሪ መምህሩ በዚህ ገጽ ላይ ማርክ ከቀነሰበት፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያነበው ገጽ ሁሉ በጥሩ ሁኔታ አስተማርኩ የሚል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማኅደሩ ወረቀት ብቻ ነው፤ ልጅቷም ረዳት አላገኘችም።

ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ለውይይት ይቀርባሉ።

1ኛ. እጩ መምህር ስለ ራሱ የሚጽፈው የማሰላሰያ ማስታወሻ መጻፉና በወቅቱ መቅረቡ ይመዝገብ እንጂ ይዘቱ ማርክ አይሰጥበት።

2ኛ. የሚያዳምጠው መካሪና ውጤት የሚሰጠው ተቆጣጣሪ በተቻለ መጠን ሁለት ሰዎች ይሁኑ። የመምህራን ቁጥር ይህን የማይፈቅድ ከሆነ፣ ቢያንስ የትኛው ስብሰባ ለምክር፣ የትኛው ለምዘና እንደሆነ እጩው አስቀድሞ ይወቅ።

3ኛ. ጠባይ የሚመዘነው በአደባባይ በሚታይ ሥራ ይሁን። ሰዓት ማክበር፣ ልጆችን አለመምታትና አለመስደብ፣ ሴቶችንና ወንዶችን በእኩል ማሳተፍ፣ የተማሪን ደብተር በጊዜው አርሞ መመለስ ይታያሉ፤ ይቆጠራሉ። ቅንነት፣ ፍቅርና ትሕትና ግን በቅጽ ላይ ከ5 ነጥብ የሚታሰቡ አይደሉም።

4ኛ. በግብረ ገብ ትምህርትም ቢሆን ፈተናው ልጁ የተማረውን ማስረዳቱን ይለካ። ልጁ ጥሩ ሰው ስለ መሆኑ ግን የሪፖርት ካርድ አይፍረድ።

5ኛ. መካሪ መምህራን ራሳቸው በማዳመጥ ይሠልጥኑ። ከመንፈሳዊ ምሪት ትምህርት ቤቶች የምንወስደው ዋና ትምህርት ይህ ነው፤ ማዳመጥ በተፈጥሮ ብቻ የሚገኝ ስጦታ አይደለም፣ በተግባርና በክትትል የሚሻሻል ሙያ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ይታወቃል። የእጩው ውስጣዊ ጠባይ ካልተመዘነ ለልጆች አደገኛ የሆነ ሰው ወደ ክፍል አይገባምን? ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልስም ይፈልጋል። በመጀመሪያ፣ አደገኛ ሰው በማስታወሻው ላይ አደገኛነቱን አይጽፍም፤ የሚጋለጠው በሥራው ነው፤ ስለሆነም 3ኛው ነጥብ ይበልጥ ይጠብቀናል። ሁለተኛ፣ በልጅ ላይ ጉዳት መድረሱን ወይም ሊደርስ መሆኑን የሰማ መካሪ መምህር በምሥጢር ስም ዝም ሊል አይገባውም። የኑዛዜ ምሥጢር ፍጹም ነው፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ግን ኑዛዜ ቤት አይደለም። ይህ ገደብ በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ለእጩው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ገደቡ የታወቀ ምሥጢር እምነትን አያፈርስም፤ እምነትን የሚያፈርሰው ሳይነገር የሚፈጸመው ነው።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም የሚጠየቁበት ነገር አለ። ሰውን መቅረጽ የሚለውን ታላቅ ዓላማ በጻፍን ቁጥር ከአጠገቡ የምዘና ሣጥን መሳል ልማድ ሆኖብናል። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ዕቅዱ ያልተሟላ ይመስለናል። ከላይ የታዩት ሁለት ልማዶች፣ አንዱ በ1983 ሕግ፣ ሌላው በዘመናት የጉባኤ ቤት ሥርዓት፣ አንዳንድ ሣጥን ሆን ተብሎ ባዶ እንደሚተው ያስተምራሉ። ባዶነቱ የአዘጋጁ ቸልተኝነት ሳይሆን ለሚማረው ሰው የተተወ ቦታ ነው። ኮሌጆቻችን የልምምድ መመሪያቸውንና የምዘና ቅጾቻቸውን በሚቀጥለው ጊዜ ሲያሻሽሉ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ይህ የሚታይ ሥራ ነው ወይስ የሚነገር ምሥጢር ብለው ቢጠይቁ፣ ከቅጾቹ የሚሰረዘው ረድፍ ጥቂት አይሆንም።